የአጥንት እንሰት

ባለፈው ወር ታናሹ ልጄ ዱራሜ ላይ የሠራውን ቤት ሲያስመርቅ ከሆሳዕና በመኪና ወስዶ ከእንግዳው ሁሉ በላይ አስቀመጠኝ። ጸሎቱ አልቆ ሰው ሁሉ ወደ ምግቡ ዞር እንዳለ፣ ምራቴ በትልቅ ሰሃን የተቀቀለ አሚቾ ይዛ ከፊቴ ቆመች። አሚቾ ማለት የእንሰት ሥር ነው፤ ያላደገበት ሰው ድንች ይመስለዋል። ቅቤ ፈሶበታል፣ እንፋሎቱ ይወጣል። ያ የአፈርና የጣፋጭ ነገር ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው ዘርግቼው የነበረውን እጄን ሰበሰብኩ። «ይሄ የየትኛው እንሰት አሚቾ ነው?» አልኳት። ልጄ ሳቀ፤ «እማዬ ጀመረች! በገዛ ልጇ ቤት እንኳ ሳትጠይቅ አትጎርስም» አለ። እንግዶቹም አብረው ሳቁ። ምራቴ ግን የከምባታ ልጅ ናት፣ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ከፊቴ አየች መሰለኝ፤ «ከእናቴ ጓሮ የመጣ ነው እማማ፤ ዓይነቱን ግን አላወቅሁም። ቆይ ደውዬ ልጠይቃት» ብላ ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። እኔም ሰሃኑን እያየሁ ሃምሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄድኩ።

መጠርጠር የአባቴ ውርስ ነው። አባቴ ከሰሜን መጥቶ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኖ የኖረ ሰው ነበር፤ ማኅተም ያለበትን ወረቀት እንኳ ወደ መስኮት አንስቶ በብርሃን ካላየው አይቀበልም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለ አሳደገን። ወንድሞቼ ረሱት፣ እኔ ግን እንደ እናቴ ጥልፍ ይዤው ቀረሁ። ባለሱቁ ስኳር ሲመዝን ጣቱን አያለሁ። ቄሱም ፓስተሩም ሲጸልዩ አንድ ዓይኔን ከፍቼ ነው የምሰማው።

ያኔ ጃንሆይ ገና ነበሩ። ሆሳዕናም ዛሬ የምታዩዋት ፎቅ በፎቅ ከተማ አልነበረችም፤ አንድ ዋና መንገድ፣ ክረምት ሲሆን ጫማ አውልቆ የሚያስቀር ጭቃ፣ ግራና ቀኙን የቆርቆሮ በረንዳ ያላቸው ሱቆች፣ ከሱቆቹ ኋላ ወዲያውኑ እንሰት። እኔ የልብስ ስፌት መኪናዬን የማቆመው ከዓረቡ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። ቴትሮን የሚሉት ጨርቅ መግባቱ ነው፤ እጥፉ ሳይፈርስ ሳምንት ይከርማል ተብሎ ጎረምሳው ሁሉ የቴትሮን ሸሚዝ ካልለበስኩ ይል ነበር። ሸራ ጫማ በሦስት ብር ይገዛል፤ የተማሪ ካኪ ቁምጣ በብር ከሃምሳ እሰፋለሁ። ከማዶ ካለው ጠጅ ቤት ባትሪው የደከመ ትራንዚስተር ይዘፍናል፤ ግማሹን ዘፈን ይውጠዋል፣ ግማሹን እኔ ከመኪናዬ ድምፅ ጋር እጨርሰዋለሁ። ከሰዓት በኋላ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ከሩቅ ጡሩምባውን ሲነፋ ከተማው ሥራውን ያቆማል። ማን ወረደ፣ ምን ይዞ ወረደ፣ ለምን ወረደ የሚለውን ያኔ ሁሉም ይጠይቅ ስለነበር እኔ ብቻዬን ተጠራጣሪ አልመስልም ነበር።

ሄራሞን ያወቅሁት በዚያ በረንዳ ላይ ነው። የትምህርት ቤቱ የሳይንስና የስፖርት አስተማሪ ነበር። ለዘውድ በዓል የሚሮጡ ተማሪዎች ቁምጣ ሊያሰፋ መጥቶ፣ የልጆቹን ልክ አስጽፎ ሲጨርስ «አንድ ለእኔም» አለ። «አንተም ትሮጣለህ?» ብለው፣ «ዛሬ ጠዋት ከእናቴ ቤት ከሆመቾ ሮጬ ነው የገባሁት» አለኝ። አላመንኩትም። ቀና ብዬ ሸራ ጫማውን አየሁት፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደርሶ ደርቋል። ሰው ይዋሻል፣ ጫማ አይዋሽም ብዬ አመንኩት። እሱ የሐድያ ልጅ፣ ቤተ ሰቡ ጴንጤ፤ እኔ የጸሐፊው ልጅ፣ ጾም የማይቀርብን። አባቴ አንድ ዓመት ሙሉ አጠናው። የሄራሞ እናትም በበኩላቸው እኔን ሲያጠኑኝ እንደነበር ኋላ ሰማሁ፤ ቆጮ እበላ እንደሆነ በሰው አስጠይቀዋል። ተጋባን።

በሦስተኛው ዓመት ሄራሞ ደረጃ ሲወጣ ቆም ማለት ጀመረ። ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሦስት ጊዜ ያርፋል። ተኝቶ መተንፈስ አቅቶት በትራስ ተደግፎ ማደር መጣ። አስተማሪዎቹ ብርድ ነው አሉት፣ እናቱ ዓይን ነው አሉ፣ እኔ ሌላ ነገር ጠረጠርኩና ወደ ክሊኒኩ ወሰድኩት። የውጭ አገር ሐኪሙ ጆሮውን ደረቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆይቶ፣ በወረቀት ላይ ልብ ስሎ አሳየን። ልጅ ሳለ የያዘው የመገጣጠሚያ በሽታ ልቡን ነክቶት ኖሯል። «በልብህ ውስጥ ደም የሚያልፍበት በር አለ። ተጣብቆ ጠቧል። ካልተከፈተ ዓመት አትቆይም» አለው። ከማን ጋር እንዴት እንደ ተጻጻፈ አላውቅም፤ ብቻ በዚያው ሐኪም በኩል ሄራሞ ባሕር ማዶ ተላከ። አውቶቡሱ ላይ ሲወጣ ሁለት ሰው ደግፎት ነበር። እንደማይመለስ ልቤ ነግሮኝ፣ ጥቁር ጨርቅ ከዓረቡ ገዝቼ ደበቅኩ። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ተመለሰ። ከአምስት ወር በኋላ አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፍቶ ቆመና ሄራሞ ማንም ሳይደግፈው ወረደ። ከስቶ ነበር፣ ፊቱ ግን ቀለም ነበረው። አለቀስኩ፣ አቀፍኩት፣ ቤት ገብተን ሸሚዙን ሲያወልቅ ደግሞ ወዲያው ጠረጠርኩ። ልብ ያለው ደረት ላይ ነው። ጠባሳው ግን ከግራ ጡቱ ሥር ተነስቶ በብብቱ በኩል ዞሮ እስከ ጀርባው ይሄዳል። «ጎንህን ነው የቀደዱት እኮ! ልብህን መንካታቸውን በምን አወቅህ?» አልኩት። ሳቀ፤ የጎኑን አጥንት ፈልቅቀው በዚያ ገብተው፣ ሐኪሙ በጣቱ በሩን እንደ ከፈተው ነገረኝ። «በጣቱ?» «በጣቱ።» ከተማው ሙሉ ይሄን ሰምቶ አላመነም። እየመጡ ጠባሳውን ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከበር ሲወጡ ከውስጡ አንድ ነገር አውጥተው ወስደውበታል ይባባላሉ። ሐኪሙ የላከውን ደብዳቤ የክሊኒኩ ድሬሰር አነበበልን፦ ለሦስት ወር ቀስ ብሎ ይራመድ፣ ከዚያ በኋላ ትንፋሹ የፈቀደለትን ያድርግ። «ትንፋሽ ደግሞ ፈቃድ ይሰጣል እንዴ?» አልኩት ድሬሰሩን። እሱም ወረቀቱ ይሄን ነው የሚለው ብሎ አጥፎ መለሰልኝ።

በሳምንቱ አማቴ ከሆመቾ መጡ፤ አህያዋ በአሚቾ ተጭናለች። በእኛ አገር አጥንት ለተሰበረ ሰው የሚሰጥ እንሰት አለ። የትኛውም እንሰት አይደለም፤ ከቤት ኋላ ለብቻው የሚተከል፣ ሰው ካልተሰበረ የማይነካ። አሚቾው ተቀቅሎ በወተት ይበላል፤ የተሰበረውን ይገጥማል፣ የተሰነጠቀውን ያጣብቃል ይባላል። «ጎኑን ፈልቅቀውታል አላላችሁም? አጥንት ነው። ይገጥማል» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን በዚያ ሽታ ተሞላ። ጠዋት አሚቾ፣ ማታ አሚቾ። ሄራሞ በሚስትና በእናት መካከል እንደ አራስ ተቀምጦ ይበላል። ጠባሳው ደረቀ፣ ሲያስነጥሰው ጎኑን መያዝ ተወ። እኔ እንኳ፣ እኔ፣ ደስ አለኝ። ጥርጣሬዬን ትቼ ነበር ማለት እችላለሁ።

ሰላሜን የነሣችኝ ወርቅነሽ ናት። ወርቅነሽ ከዶዮገና ቅቤ የምታመጣልን ነጋዴ ነበረች፤ አፏ ከቅቤዋ ይበልጥ የሚቀልጥ ሴት። አንድ ገበያ ቀን ገብታ ቅቤውን ስታስቀምጥ ሽታውን አወቀችው። «ለሄራሞ ነው? ጥሩ ነው። ላማችን እግሯን ስትሰበር አብልተናት ገጥሞላታል» አለችና ትንሽ አስባ፣ «ግን እህቴ» አለችኝ፣ «ሐኪሙ የከፈተው ነገር የለም ወይ? ይሄ አሚቾ ተሰንጥቆ ያገኘውን ሁሉ ያጣብቃል። ይሄ አጥንት ነው ይሄ በር ነው ብሎ አይመርጥም።» እጄ ላይ የነበረው የቅቤ ቅል ከበደኝ።

አስቡት። በሩ ተጣብቆ ነው የታመመው። አገር አቋርጦ ለሄደው ሰው ሐኪሙ በጣቱ ከፈተለት። እኛ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ የተሰነጠቀ የሚያጣብቅ ነገር በወተት አበላነው። ወርቅነሽ እንደ ወጣች ወጥ ቤት ገብቼ ለአማቴ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ማማሰያውን አስቀምጠው ከምድጃው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ በቀስታ፣ «እኔ ስለ አጥንቱ ብቻ አሰብኩ» አሉ። «በገዛ እጄ… አንቺ፣ አትንገሪው። እናቴ ዘጋችው እንዳይል።» አልነግረውም ብዬ ማልኩ። ድስቱን አወጣን፣ የቀረውን አሚቾ ለጎረቤት ላም ሰጠን። ማታ ሄራሞ «አሚቾው የታለ?» ሲል ሁለታችንም በአንድ ድምፅ «አለቀ» አልን። ቀና ብሎ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እናቱን አየ። 

ከዚያ በኋላ ሄራሞ ጎህ ሲቀድ መጥፋት ጀመረ። ስነቃ ቦታው ቀዝቅዟል። ልጠይቀው ስል «ሐኪሙ ተራመድ ብሎ የለ» ይለኛል። ለመራመድ ግን ሸራ ጫማ አያስፈልግም፤ ሸራ ጫማው ደግሞ ከአልጋ ሥር ካስቀመጥኩበት ተንቀሳቅሷል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሴት ነው፤ እውነቱን ልናገር። ከዱራሜ ተዛውራ የመጣች አንዲት አስተማሪ ነበረች፣ ፀጉሯን ከፍ አድርጋ የምታስር፣ ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ። ሁለተኛ የጠረጠርኩት ጠንቋይ ነው። ሦስተኛውን ለማሰብ ፈራሁ። በጫማው ሥር አመድ ነስንሼ አደርኩ፤ ጠዋት አመዱ ላይ የጫማው ምልክት ወደ በር ሄዷል። ማታ የጫማውን ስፌት ሳየው በጭቃ ውስጥ ሣር ተሰክቶበታል። አስተማሪዋ የምትኖረው መንገድ ዳር ነው፣ ሣር የለበትም። ይሄ የግጦሽ ሜዳው ሣር ነው።

በማግስቱ ልብሴን ለብሼ ተኝቼ ጠበቅኩት። ሲወጣ ተነሳሁ፤ ወደ ሳሎን ስገባ አማቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ ቆመዋል። እሳቸውም ሳይተኙ ነው የጠበቁት። አብረን ተከተልነው። ከከተማው ዳር፣ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ጥግ፣ አንድ የባሕር ዛፍ ረድፍ ነበር። ከቅንጭብ አጥር ኋላ ሆነን አየን። ሄራሞ እኔ የሰፋሁለትን ቁምጣ ለብሶ ከመጀመሪያው ዛፍ ተነስቶ ሮጠ። ብዙም አይደለም፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ዛፍ። ቆመ። ጣቱን አንገቱ ላይ አድርጎ ሰዓቱን እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ተመልሶ ደግሞ ሮጠ። አማቴ «ልጄን!» ሊሉ ሲሉ አፋቸውን በእጄ ያዝኩ። በሦስተኛው ግን ሄራሞ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሲይዝ እኔው ራሴ አጥሩን ጥሼ ወጣሁ፤ ቅንጭቡ ቀሚሴን እንደ ቀደደው ያወቅሁት ቤት ስገባ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ልትገድለን ነው?» ብዬ ጮህኩበት። ሦስት ወሩ ገና አልሞላም! ቀና አለ። ላቡ ይንጠባጠባል፣ ግን ከንፈሩ አልጠቆረም። ያቺን የከንፈሩን ቀለም ዛሬም አያታለሁ።

«ተከተልሽኝ?»

«ከማን ነው የምትደበቀው? ምንህን ነው የምትቆጥረው?»

«ወርቅነሽ ለእኔም ነግራኛለች» አለ። «አሚቾው በሩን ይዘጋዋል ብላኛለች። ሳይንስ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ሳቅኩባት። ማታ ግን እናንተ በአንድ አፍ አለቀ ስትሉኝ እንቅልፍ አጣሁ። ታምሜ ሳለሁ ሁለተኛውን ዛፍ አላልፍም ነበር። በሩ እየተዘጋ ከሆነ ትንፋሼ ይነግረኛል ብዬ ነው። በየቀኑ አንድ ዛፍ እጨምራለሁ። ለእናቴ እንዳትነግሪ። በእኔ ምክንያት ነው ብላ…»

ንግግሩን አልጨረሰም፤ እናቱ ከኋላዬ መጥተው ነበር። ሦስታችንም አንዱን ፍርሃት ለየብቻችን ደብቀን፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ከርመናል። አማቴ ተጠግተው ጋቢያቸውን ከራሳቸው ገፍተው ጆሯቸውን በላብ በራሰው ደረቱ ላይ፣ ከጠባሳው በላይ አደረጉ። ሜዳው ላይ ከብቶቹ ገና አልመጡም። ብዙ ቆዩ። «እዚህ ውስጥ ሰው ይሮጣል» አሉ በመጨረሻ። «የተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው አይሮጥም።» ሄራሞ ሳቀ፤ እየሳቀ እያለ እንባው መጣ።

በዘውድ በዓል የሠራተኞች ሩጫ ነበር፤ ፖሊስ፣ አስተማሪ፣ የጽሕፈት ቤት ሰው። ሄራሞ ሰባተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣውን ፖሊስ ዛሬ ማንም አያስታውሰውም፤ ሰባተኛውን ግን ከተማው ሙሉ መንገድ ዳር ቆሞ ይወድቃል እያለ ይጠብቅ ስለነበር ሲያልፍ ያየው ሁሉ ያስታውሳል። አባቴ እንኳ ከወረቀቱ ተነስቶ መጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሄራሞ ከአሥር ዓመት በላይ ሮጠ፤ እሑድ እሑድ ከሆመቾ። ጫማውን ማታ እኔ አየዋለሁ፤ ያየሁት ሁሉ የሆመቾ መንገድ ጭቃ ነው።

ዘመኑ ተቀየረ፤ ያኛው ዘፈንና ያኛው ልብስ ሄደ። አንድ ክረምት ላይ ሄራሞ ደረጃ ሲወጣ ቆም አለ። ሁለታችንም አወቅን፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው ሆነና ለጊዜው ሌላ ሌላ እንነጋገር ነበር። አማቴ አርጅተው ከሆመቾ አይወጡም። ልጠይቃቸው ብቻዬን ስሄድ እጄን ይዘው፣ «ለምን በእግሩ አይመጣም? በሩ ተዘጋ?» አሉኝ። በሕይወቴ ሙሉ የጠረጠርኩትን ሳልናገር ያለፍኩበት ቀን ጥቂት ነው። ያን ቀን ግን፣ «ክፍት ነው እማማ። ሥራ በዝቶበት ነው» አልኳቸው። ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ጥሩ» አሉ። እጄን ለቀቁ።

በሁለተኛው ዓመት አረፉ። ለቀብር ስንሄድ ሄራሞ እየተደገፈ ነበር። ሰው ሲበተን ከቤቱ ኋላ ወዳለው ጓሮ ዞርን። እንሰቱ ሁሉ እንደ ድሮው ቆሟል፤ የአጥንቱ እንሰት ይተከልበት የነበረው ቦታ ላይ ግን አንድም አልነበረም። ጉድጓዶቹ ሣር አብቅለዋል። የእህቱ ልጅ ነገረን፤ ማንም ሳይረዳቸው በገዛ እጃቸው ሁሉንም ነቅለው ለከብት ጥለውታል፣ ሁለት ዓመት ይሆነዋል አለ። ቆጠርኩት፤ እኔ የዋሸሁበት ወቅት ነው። አላመኑኝም ነበር። ሄራሞ ጉድጓዶቹን እያየ፣ «እኔ ነኝ መጥቼ መንገር የነበረብኝ» አለ። ምን ብሎ ይነግራቸው እንደነበር አልጠየቅኩትም። በዓመቱ እሱም ሄደ።

ኋላ አዲስ አበባ ላይ አንድ የልብ ሐኪም አግኝቼ ጠየቅኩ። በዚያ ዘመን በጣት የተከፈተ በር ብዙ ጊዜ ከዓመታት በኋላ ራሱ መልሶ ይጠባል፣ በሽታው ነው፣ ምግብ ምንም አያደርገውም አለኝ። አላመንኩትም፤ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እሱም ያንኑ አለ። ሦስተኛዋም ያንኑ አለች። ያኔ አመንኩ። ግን ለማን ልንገር? መስማት የነበረባቸው ሴትዮ ጥፋታቸውን ይዘው አፈር ገብተዋል። ያቺን ቃል ከወርቅነሽ አፍ ተቀብዬ ወጥ ቤት ወደ እሳቸው የወሰድኳት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ጠረጠርኩ፣ ጥርጣሬዬን ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩትም።

ምራቴ ስልኳን እያጠፋች ተመለሰች። «እማማ፣ ጠየቅኋት። የአጥንት እንሰት ነው ትላለች፤ ወንድሜ እግሩን ሲሰበር የተከለችው ነው። አይስማማዎትም? ላንሳው?» አለችኝ። ልጄም ሳቁን አቁሞ ያየኛል።

«አታንሺው» አልኳት። ቆርሼ በላሁ። ቀዝቅዞ ነበር።

ስመለስ ከእናቷ ጓሮ ሁለት ችግኝ አስነቅዬ፣ ሥሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፣ ልጄን በሆመቾ በኩል አስነዳሁት። የሄራሞ እህት ልጅ አሁን እሱም ሸብቷል፤ ቤቱን የያዘው እሱ ነው። ዶማ አቀበለኝ፣ ሊተክልልኝ ሲል ከለከልኩት። ከቤቱ ኋላ በዚያ ባዶ ቦታ ተንበርክኬ ስተክል ቆሞ ያየኝና፣ የአገሩ ሰው ነውና ዓይነቱን ከቅጠሉ አወቀው።

«ማን ተሰብሮ ነው?» አለኝ ደንግጦ።

«ቆይቷል» አልኩት፤ አፈሩንም በእጄ መለስኩት።